አንዲት ጠብታ ያልገባችበት ድንኳን

«እማ፣ ይሄንንስ ማንም አይቀበለንም። እንዲያውም ሰው እንዳይስቅብን!»

ሩመና የአባቷን ትንሽ የተራራ ድንኳን ከቆጥ አውርዳ በረንዳው ላይ ዘረገፈችው። ድሮ አረንጓዴ ነበር። አሁን ከራሱ ጨርቅ ይልቅ የተጣፈበት ይበዛል። አባቷ ከተቀበረ ስምንተኛ ቀኑ ነው። ነገ፣ በዘጠነኛው ቀን ጸሎት ላይ፣ ልብሱና ዕቃው ይመጸወታል፤ ሸሚዞቹና ሽርጦቹ ታጥበው፣ ታጥፈው ተደርድረዋል።

እናቷ፣ አገሬው በልጇ ስም ኢናቅ ሩመና፣ የሩመና እናት፣ የሚላት፣ ለቀስተኞች ያመጡትን ሩዝ እየገለበጠች ነበር። ቀና ብላ አየችው።

«ተይው እዚያው። እኔ አውቅለታለሁ።»

ባሏ፣ እሱንም የሩመና አባት ለማለት አማቅ ሩመና የሚሉት፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሪንጃኒ ተራራ ላይ የቱሪስት ጓዝ ሲሸከም ኖሯል። ድንኳኑን ያገኘው ሩመና ገና ስትድህ ነው። አንድ ፈረንጅ ዘንጉ ተሰብሮበት ጥሎት ሲሄድ አንስቶ አመጣውና ቀርከሃ ልጦ ዘንግ አበጀለት። ግቢው መሃል ተከለው። «ነይ፣ ቤት ሠርቼልሻለሁ» ብሎ ሚስቱን እጇን ይዞ አስገባት። ያኔ ከእናቱ ጋር በአንዲት ክፍል ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ተጋድመው እስኪመሽ ድረስ ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ ከተራራ በተመለሰ ቁጥር እሱ ሲያንኮራፋ እሷ መርፌዋን ይዛ ትቀመጣለች። አንዱን ቀዳዳ በጃንጥላ ጨርቅ፣ ሌላውን በሩመና የልጅነት የዝናብ ልብስ ትጥፈዋለች። ውሃ እንዳያስገባ ስፌቱን በሻማ ታሸዋለች። መሬት ተናውጦ የመንደሩ ቤት በፈረሰ ጊዜም ሦስት ወር ኖረውበታል።

ቀትር ላይ አምስት ተሸካሚዎች ከተራራው በቀጥታ መጡ። ለሦስተኛ ጊዜ መምጣታቸው ነው። ሩመና ቡና በብርጭቆ አቀረበችላቸው። ዝቅ ባለ ድምፅ ሲያወሩ ቆይተው፣ ከሟቹ ጋር ብዙ ዘመን የሠራው ከርታጂ በረንዳው ላይ ዓይኑ አረፈ።

«እንዴ፣ አሮጊቷ አለች?»

«ማንን ነው አሮጊት የምትለው አንተ!» አለች ኢናቅ ሩመና።

«ኧረ ድንኳኗን ነው! እኛ እንደዚያ ነው የምንላት፤ እርስዎንማ በምን አፌ!»

ተሳሳቁ። እሷም በስምንት ቀኗ ጥርሷ ታየ።

«ስንታችንን ከብርድ እንዳወጣች» አለ ከርታጂ።

«ስንታችሁን ማለት?»

«ሁላችንንም ነዋ። የሚያስለው፣ ትኩሳት የያዘው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ፣ እሷ ውስጥ ነው የሚያድረው።»

«እሱስ?»

ከርታጂ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ኢናቅ ሩመና ይህን የምታውቅ መስሎት ነበር።

«እሱማ ውጭ ነው። ላስቲክ ይከናነባል። ‹ውስጥ ይሞቀኛል› ይለን ነበር።»

ይሞቀኛል! ቤቱ ውስጥ በሁለት ብርድ ልብስ የሚንቀጠቀጥ ሰው! የገደለውም ደረቱ ነው።

«በመጣ ቁጥር ‹ዝናቡ እንዴት ነበር?› እለዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «‹ድንኳኑ ውስጥ አንዲት ጠብታ አልገባችም› ይለኛል።»

«አልዋሸም» አለ ከርታጂ አቀርቅሮ። «አልገባችም።»

«ሠላሳ ዓመት! ዓይኔ እስኪፈዝ የሰፋሁት ለእናንተ ኖሯል?»

ኢናቅ ሩመና ተነስታ ገባች። ስትመለስ መቀስ ይዛለች።

«እማ! ምን ልትሆኚ ነው?»

«ማንም አይቀበለውም ብለሽ የለ?» ድንኳኑ አጠገብ ተንበረከከች። መቀሱ የመጀመሪያው ስፌት ላይ ሲደርስ ዓይኗን ጨፍና ቆረጠችው። ከዚያ በኋላ ቀለላት። «የሸክማችሁ ቀርከሃ ትከሻችሁን ሲልጠው ስንት ዘመን አየሁ። ኑ፣ ቁራጩን ከሥሩ ታደርጉታላችሁ።»

አንድ በአንድ ቀረቡ። ለእያንዳንዳቸው ቆርጣ፣ አራት እጥፍ አጥፋ ሰጠቻቸው። መጨረሻ ከርታጂ መጣ። የሱን በእጁ አልሰጠችውም፤ ራሷ ትከሻው ላይ አደረገችለትና በመዳፏ ተጫነችው። ከርታጂ ረጅም ነው። እጇ እንዲደርስ ጉልበቱን አጠፍ አደረገ፤ እጇን እስክታነሳ ድረስም እንደዚያው ሆኖ ቆመ።