ለማይዝግ ብረት ብቻ

«እማዬ፣ ዛሬ ፈተና ነው፤ ልሂድ» አለች ልጅቷ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር እየቋጠረች።

«በድልድዩ ነው የምትሄጂው?»

«ታዲያ በምን? በዋና?»

እናትየው አልሳቀችም። ባሏን ከቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። ሳሎኑን የሞሉት ለቀስተኞች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እያወሩ ሻይ ይጠጣሉ። ማለዳ የባሏ እህት «መሣሪያውን ለጓደኞቹ አከፋፍይ» ስላለቻት ሣጥኑን ከፍታ ነበር። ከታች፣ ጥርሱ ያለቀ ጥቁር የሽቦ ብሩሽ አገኘች። ከጎኑ ደግሞ እሽጉ ያልተፈታ አዲስ ብሩሽ። ፊደል የቆጠረችው ዓምና ነው፤ በጣቷ እየተከተለች እሽጉን አነበበች። «ለ... ማይዝግ... ብረት... ብቻ።»

ከዚያ ወዲህ ልቧ አልረጋም።

ባሏ በያጅ ነበር። ሸሚዙን ሁሉ እሳት ስለበሳው ሰው «ፍንጣሪ» ይለዋል። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በጨዋማው ውሃ ላይ ድልድዩ ሲሠራ፣ ማታ ማታ እየተደሰተ ያወራላት ነበር።

«ይሄ ብረት ጨው ቢልሰው አይዝግም! ሲበየድ ብቻ እንደተመታ ገላ ይበልዛል። እሱን በብሩሽ ፍቆ ማጥራት ነው። ከዚያ አርማታ ውስጥ ይቀበራል።»

«በየትኛው ብሩሽ?»

«ብሩሽ ብሩሽ ነው እንጂ! ደግሞ አንቺ!»

ማንበብ አይችልም ነበር። ሥራ ቦታ ወረቀት ሲሰጡት «መነጽሬን ረሳሁ» ይላል፤ መነጽር ኖሮት አያውቅም። እሁድ እሁድ ድልድዩ ሥር ብቻውን ሲሄድ፣ የእጁን ሥራ ሊያይ የሚሄድ ይመስላት ነበር። ባለፈው ወር ግን አውራ ጣቱ ቡናማ ሆኖ ተመለሰ። በሳሙና ደጋግሞ ታጠበ። ራት አልበላም።

«ልጅቷ በድልድዩ መሃል አትሂድ፤ ዳር ዳሩን ትያዝ» አላት፤ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። ብስክሌት እንዳይገጫት ፈርቶ ነው ብላ አስባ ነበር።

«ፍንጣሪ የሠራው ድልድይ እኛን ሁሉ ይቀብራል» እያለ ነው አሁን ሳሎን ውስጥ፣ ድልድዩ ሲሠራ የባሏ አለቃ የነበረው ፎርማን፣ ስኳሩን እያማሰለ። «መቶ ዓመት!»

እናትየው ተነሣች። ሁለቱን ብሩሾች ፊቱ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ይሄ እሽጉ አልተፈታም። የፋቀው በዚህኛው ነው።»

ፎርማኑ ያለቀውን አነሣ። ማንኪያው ከእጁ ወደቀ።

«በዚህ ከፋቀውማ... የብሩሹ ተራ ብረት እየረገፈ እዚያው ይቀራል። ጨው ሲያገኘው ዝገቱ ከዚያ ይነሣል፣ ብረቱን ይበሳዋል...»

«አንቺ ሴት!» አለች የባሏ እህት። «መቃብሩ ሳይደርቅ? ሙት ወቃሽ አትሁኚ!»

«አልወቀስኩትም። ፈርቶ ነበር፣ እትዬ። ማንበብ አልችልም ማለትን ፈርቶ ነበር። እኔ ደግሞ ልጄን እፈራላታለሁ።»

ፎርማኑ ብሩሹን እያገላበጠ ቆየ።

«አጣርቻለሁ ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ሳላይ ነው የፈረምኩት።» ስልኩን አወጣ። «አዎ፣ እኔ ነኝ። ድልድዩን ዝጉት። አይ፣ ነገ አይደለም፤ አሁን! ተማሪም ቢሆን አይለፍ።»

የባሏ እህት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቀረች።

እናትየው ወደ ደጃፉ ሄዳ ልጇ እግር ሥር ተንበረከከች።

«ፈተናዬስ?»

«ይደርሳል፣ የኔ ልጅ።»

የግራ ጫማዋን ክር ፈታች። ቋጠሮው ሁለቴ ተጠምዝዞ ወደ ውስጥ የገባ ነበር፤ አባቷ ብረት ከብረት ሲያስር ሽቦውን ያዞረው እንደነበረው። ልጅቷን ጫማ ማሰር ያስተማራት እሱ ነው።

ወደ ቀኙ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ቋጠሮውን ሳትፈታ በመዳፏ ሸፈነችው።