ስድስቱ አሥሮች

በልጄ ካርድ ላይ ያሉት የግራ ጆሮዋ ስድስት ቁጥሮች አንድ ዓይነት መሆናቸውን ያየሁት፣ ካርዱን ከሌሎቹ ጋር በመርፌና በክር ከሰፋሁት በኋላ ነው። አሥር፣ አሥር፣ አሥር፣ እንደገና አሥር፣ እስከ ታች ድረስ አሥር። የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ስጽፍ ግን አላስተዋልኩም፤ ዓይኔ ልጄ ላይ ነበር።

ዘመኑ 1975 ነው። የሕፃናትን መስማት የሚያጠኑ ሰዎች ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት መጥተው፣ ከየትምህርት ቤቱ ልጆች እያስጠሩ ጆሮ ይለኩ ነበር። ሐኪማቸው ዓርብ ዓርብ ብቻ ብቅ ይላል፤ በሌላው ቀን ማሽኑን የሚይዘው ክንፈ የሚባል ቴክኒሻን ነው። መጻፍ የምትችል ሴት ሲፈልግ ቀበሌው እኔን ላከኝ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻም አስተምሬያለሁ። ክንፈ ቁጥር ይጠራል፣ እኔ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ያስቸገረው ጸጥ ያለ ቤት ማግኘት ነበር። ከተማችን አውራ ጎዳናው ላይ የተዘረጋች ናት፤ ወደ ደሴና ወደ አሰብ የሚሄደው ከባድ መኪና ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ይውላል። ትምህርት ቤቱንም ጤና ጣቢያውንም ሞክሮ ተወው። በመጨረሻ የገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ገባና በማሽላና በማሾ ጆንያዎች መካከል ቆሞ አጨበጨበ። ድምፁ ተውጦ ቀረ።

«እዚህ ነው» አለ፤ «ጆንያው ጩኸት ይበላል።»

ወፍራሙን የመኪና ጉርምርምታ ግን ጆንያም አይበላውም። ለእያንዳንዱ ጆሮ ከወፍራም እስከ ቀጭን ስድስት ድምፅ ይለካል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጆሮው ደህና ነው ማለት ነው፤ ማሽኑ የሚወርደው እስከ አሥር ነው። ሆኖም በዚያ ጉርምርምታ ምክንያት የመጀመሪያውን ወፍራም ድምፅ ከሃያ አምስት በታች የሰማ አንድም ልጅ አልነበረም። ይህንን ከክንፈ ቀጥሎ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ከሁለት መቶ በላይ ካርድ የጻፍኩት እኔ ነኛ።

ልጄ ዓይናለም ስምንት ዓመቷ ነው። በሦስት ዓመቷ ኩፍኝ ወጣባት፤ ከዚያ ወዲህ ግራ ጆሮዋ ይመግላል። ጤና ጣቢያ ወስጃት ጠብታ ሰጥተውኝ ነበር። ደረቀ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ደረቀ። ኋላ ላይ ለሰው መናገሩን ተውኩት። ጠዋት ጠዋት በጨርቅ ጠርጌላት፣ ጥጥ ወትፌ፣ ሻሽ አስሬላት ትምህርት ቤት እልካታለሁ። አባቷ ምናሴ የወባ ማጥፊያ ሠራተኛ ነው፤ መርጫውን ተሸክሞ ጀውሃና ካራቆሬ ሲዞር ይከርማል። ሲመጣ «ጆሮዋስ?» ይለኛል። «ደህና ነው» እለዋለሁ።

ክንፈ በመጣ በሳምንቱ ገበያ ላይ ወሬ ሰማሁ። የማይሰሙ ልጆች ከትምህርት ቤት ይወጣሉ፣ አዲስ አበባ ወስደው የደንቆሮዎች ቤት ያስገቧቸዋል ተባለ። ማን እንዳለው አልጠየቅኩም። ክፉ ወሬን ከየት መጣህ ብዬ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ስለምጠብቀው ሲመጣ ወንበር እሰጠዋለሁ። ደግሞ ያን ጊዜ ስም በዝርዝር የተጻፈበት ወረቀት ሁሉ ያስፈራ ነበር።

ልጆቹ የሚቀመጡት ፊታቸውን ወደ ጆንያው አዙረው ነው፣ የክንፈን እጅ እንዳያዩ። የዓይናለም ተራ ሲደርስ፣ «ልጅቷ ፈሪ ናት፤ ፊቷን ወደ እኔ ታዙርልኝ» አልኩት።

«ይሁን እትዬ እጅጋየሁ፣ ለእርስዎ ልጅማ» አለ ፈገግ ብሎ።

እኔ የምቀመጠው ከኋላው ነው። ድምፅ በሰጠ ቁጥር ማሽኑ ላይ ትንሽ ቀይ መብራት ትበራለች። ቀኝ ጆሮዋን ራሷ ሰማች። ግራው ላይ ሲደርስ፣ መብራቷ ስትበራ እርሳሴን ከወረቀቱ ላይ አነሳሁ፤ ዓይናለም እጇን አነሳች። ቤት ውስጥ ሁለት ቀን አለማምጃታለሁ፣ ጨዋታ ነው ብያት። ጠዋት ጆሮዋን ጠርጌ ጥጡን አውጥቼላት ነበር፤ ቁጥሩ ደህና የሆነ ልጅ ደግሞ ጆሮው ውስጡ በመብራት አይታይም። ክንፈ «አሥር» ይላል፤ እኔ «አሥር» እጽፋለሁ። ሲጨርስ «ጎበዝ!» አላት። ልጄ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ይህ የሆነው ማክሰኞ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሥራው አለቀ። በማግስቱ ሐኪሙ ይመጣና ጆሯቸው ከሁሉ ክፉኛ የታመመባቸውን ስድስት ልጆች በመኪናው ይዞ ለሕክምና አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ቡድኑም በዚያው ይነሳል። ክንፈ መጋዘኑ ውስጥ ዕቃ ሲያሽግ እኔ በር ላይ ተቀምጬ ካርዶቹን እሰፋለሁ። ያን ጊዜ ነው አሥሮቹን ያየኋቸው።

መጀመሪያ የፈራሁት ለልጄ አልነበረም፤ ለራሴ ነበር። ካርዱ አዲስ አበባ ደርሶ የተማረ ሰው ሲያየው በአንድ እይታ ውሸት መሆኑን ያውቃል። ባለፈው ዓመት በዚያው መጋዘን ሚዛን ላይ አሻጥር ሠራ ተብሎ አንድ ሰው ታስሯል። የመንግሥት ጥናት ላይ መዋሸትስ ምን ይባላል? መቀሱን አነሳሁ። ክሩን ፈትቼ የመጀመሪያውን አሥር ሃያ አምስት፣ ሌላውን አሥራ አምስት ላደርገው ነበር። ሁለት ስፌት እንደፈታሁ ጎረቤቴ ሐቢባ ዓይናለምን ታቅፋ በግቢው በር ገባች።

«እጅጌ! ኧረ ልጅሽን ተቀበይኝ!»

«ምን ሆነች?»

«እኔ ምን አውቄ። ከሐምዲያ ጋር ገመድ ሲዘሉ ወደቀች። አነሳኋት፤ ደግማ ወደቀች። ‹ግቢው ይዞራል› ትለኛለች። አስታወካትም።» ሐምዲያ ልጇ ናት፤ ነገ ከሚሄዱት ስድስት ልጆች አንዷ። ሐቢባ መዳፏን ዘረጋችልኝ። ቢጫ የሆነ፣ ጫፉ ደም የነካው የጥጥ ድብልብል ነበር። «ሻሿ ሲፈታ ይሄ ወደቀ። ምንድን ነው ይሄ ሁሉ? ፍራሽ ልትሠሪ ነው?»

ጥጡን ከመዳፏ ወስጄ በጭብጤ ሸሸግሁት።

«ምርመራውን አልፋለች አላልሽኝም እንዴ?»

«አልፋለች።»

«በየት በኩል? ከኋላዋ ስጠራት ዞራ አታውቅም እኮ። ወላሂ፣ እኔ የአንቺን ኩራት የወረሰች ነበር የሚመስለኝ።»

ዓይናለም ፊቷ አመድ መስሎ፣ የሐቢባን ልብስ ጨምድዳ ይዛለች። ዓይኖቿ ወደ አንድ ጎን እየሸሹ ይመለሳሉ።

«ሐቢባ» አልኩ፣ «ሐምዲያን ይወስዱብኛል ብለሽ አልፈራሽም?»

«ይውሰዷት እንጂ! ሊያክሟት አይደል? አብሬያት እሄዳለሁ። የልጅ ጆሮ ለመንግሥት ምን ይሠራለታል?» ዞር ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሱ የሚፈራው አፋችንን ነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። መቀሱን አስቀምጬ ተነሳሁ። ከበሩ እስከ ክንፈ ድረስ አሥር እርምጃ አይሞላም፤ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ልመለስ ቃጣኝ። ዛሬ ብቻ ነው ያዞራት፣ ምሳ ስላልበላች ነው፣ ሙቀቱ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ከኋላዬ ዓይናለም እንደገና አስመለሳት።

«አቶ ክንፈ፣ የልጄ ካርድ ውሸት ነው።»

ሳጥን እያሰረ ነበር። ቀና አለ። እርሳሱን፣ መብራቷን፣ ቤት ያለማመድኳትን ሁሉ ነገርኩት። ሲያልቅ የጆሮ ማያ መብራቱን ከሳጥኑ አውጥቶ ዓይናለም አጠገብ ተንበረከከ። ጆሮዋን ገና ሲያቀርበው ከሽታው የተነሳ ፊቱን አዞረ፤ ከዚያ ረጅም ጊዜ አየ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አምስት ዓመት።»

«መዞሩስ?»

«ዛሬ... አይ። ካለፈው ወር ጀምሮ ግድግዳ እየያዘች ነው የምትሄደው። ጨዋታ ነው ብዬ...» ጨዋታ የሚለውን ቃል እኔ ነበርኩ ያስተማርኳት።

ማሽኑን እንደገና ፈታ። ዓይናለምን ፊቷን ወደ ጆንያው አዙሮ ሐቢባ እቅፍ ውስጥ አስቀመጣት። እርሳሱን ከእኔ ተቀብሎ ራሱ ያዘ። እኔ ባዶ እጄን በሩ ዘንድ ቆምኩ። ቀኙን ለክቶ ወደ ግራው ዞረ። ቀዩዋ መብራት በራች፤ የልጄ እጅ ጭኗ ላይ ነው። ጨመረ፤ በራች። እጇ ጭኗ ላይ ነው። ሠላሳ፣ አርባ፣ ሃምሳ። ከሃምሳ በኋላ ቁጥሩን መስማት አልቻልኩም። እጇ ወደ ላይ ስትወጣ ስድሳ አምስት ጻፈ። እንደዚያ ያለ ቁጥር ስድስት ጊዜ ጻፈ።

ማዳመጫውን ሲያወልቅላት ዓይናለም ወደ እኔ ዞረች። «እማዬ፣ እርሳሱን ለምን አላነሳሽልኝም?»

ክንፈ ሰማ። ሐቢባም ሰማች።

«ሌላ ልጅ ላይ አድርገዋል?» አለኝ ክንፈ።

«በአንድም ልጅ ላይ አላደረግሁም።»

«እኔ አምንዎት ይሆናል። ግን የእኔ ማመን አይበቃም።» ወደ ተሰፋው የካርድ ክምር አመለከተ። «ይሄ የሚሄደው በይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ስንት ልጅ ጆሮው እንደሚመግል ለማሳየት ነው። ቁጥሩ ከታመነ የጆሮ ሕክምና እዚሁ ይከፈት ብለን እንጠይቃለን። ሁሉም በእርስዎ እጅ የተጻፈ ነው። አንዱ ውሸት ከሆነ ሌላውን ማን ይቀበለናል?»

«ያስሩኛል?»

«አላውቅም። የምጽፈው ለሐኪሙ ነው እንጂ ለቀበሌ አይደለም። ግን እጽፈዋለሁ።» ካርዱን አነሳና አሥሮቹን ተመለከታቸው። «ይሄን አይቼ ማለፌንም እጽፈዋለሁ። ዓይኔ የት ነበር?»

ይህን ሲል መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ዓይኑማ ልጄ ላይ ነበር፤ በደስታ ያያት ነበር።

ከዝርዝሩ ሥር ሰባተኛ አድርጎ የዓይናለምን ስም ጻፈ። «መግሉ አጥንቱን ወደ ውስጥ ሳይበላ አልቀረም። ሐኪሙ ሳያያት አንድም ቀን ማደር አልነበረባትም። ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እዚህ ይሁኑ። ውሃ እንዳያስገቡባት። ጥጥ ደግሞ በፍጹም።»

«መስማቷ ይመለሳል?»

«አሁን የምንጨነቀው ለመስማቷ አይደለም» አለኝ። ከዚያ በላይ እንዲነግረኝ አልጠየቅኩም።

ዓይናለምን ልቀበል እጄን ስዘረጋ ሐቢባ ወዲያው አልሰጠችኝም።

«የሐምዲያንም የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«እሱስ እውነት ነው?»

«እውነት ነው ሐቢባ። በልጄ እምላ...»

«በልጅሽ አትማይ» አለችኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ሲደክማት የምትናገርበት ድምፅ ነበር። ዓይናለምን ጀርባዬ ላይ አድርጋ፣ ነጠላውን ከፊት ለፊቴ አጥብቃ አሰረችልኝ። ከዚያ ልጇን ለመንገድ ልታሰናዳ ቀድማኝ ወጣች፤ እንደ ሌላው ቀን ጠብቂኝም ነይም አላለችኝም።

ፀሐይ ገብታ ነበር። ክንፈ ማሽኑን መልሶ አሽጎ ካርዶቹን ሳጥን ውስጥ ከተተ። ላግዘው ብዬ አንዱን ጥቅል ሳነሳ፣ «ይተዉት እትዬ፣ እኔ አደርገዋለሁ» ብሎ በቀስታ ከእጄ ተቀበለኝ። የሁለት መቶ ልጆች ጆሮ ነው ከእጄ የወጣው። ከእነዚያ ውስጥ የሚመግሉት ስንት እንደሆኑ በቃሌ አውቃለሁ፤ ሠላሳ አንድ ናቸው። የአብዱረሂም መንታ ልጆች አሉበት፣ ከአሊዩ አምባ ድረስ በእግሯ የመጣች ልጅ አለችበት። ለእነዚህ ሁሉ የተገኘው ስድስት መቀመጫ ብቻ ነበር፤ የእኔ ልጅ ግን ሰባተኛ ሆና ገባች።

ክንፈ ፋኖሱን ይዞ ወጣ። ግራና ቀኙን የቆርቆሮ በር ገጠመ፤ አንዱ አልገጥም ብሎት በትከሻው ገፋው። ዓይናለም ጀርባዬ ላይ ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ትንሽ ትተነፍሳለች። በመንገዱ ላይ ከባድ መኪና አለፈ። ክንፈ ጓጉንቸሩን አስገባ፣ ቁልፉን አዞረ፣ እንደቆለፈ ለማረጋገጥ አንድ ጊዜ ሳብ አደረገው።