የላላው ችንካር

ከጎንደር ፒያሳ ጀርባ፣ ጣሊያን ትቶት በሄደ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ፣ የሻው የሚባል አናጢ ነበር። ሥራውን የጀመረው ደንቢያ፣ ከአባቱ ጋር ሞፈርና ቀንበር እየጠረበ ነው። በጣሊያን ጊዜ ጎንደር ገብቶ ወንበርና ቁም ሣጥን ከሚሠራ የጣሊያን ወርክሾፕ ተቀጠረ። በሜትር መለካትን፣ ዕቃውን አስቀድሞ በእርሳስ ወረቀት ላይ መንደፍን፣ እንጨትን ያለ ምስማር ማጋጠምን የተማረው እዚያ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ለትምህርት ቤትና ለመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ሲሠራ ኖረ።

ሌላው አናጢ መጀመሪያ እንጨቱን ያያል፤ የሻው ሰውየውን ያያል። ወንበር ሊያሠራ የመጣውን «እስቲ ተቀመጥ፤ እስቲ ተነሥ» ይለዋል። የትኛው ጉልበቱ እንደሚያመው፣ በየትኛው እጁ ተደግፎ እንደሚነሣ ሳያውቅ መጋዝ አያነሣም።

«ሸጋ ዕቃ ማለት ባለቤቱ መኖሩን የሚረሳው ነው» ይል ነበር።

ይህን የሚለው ለደንበኛ ነው፤ ሌላ የሚያወራው ሰው አልነበረውም። ሚስቱ ታየች ተስቦ ከወሰዳት ስድስት ዓመት ሆኗል፤ ልጅ አልወለዱም። ጎረቤቶቹም ከጣሊያን ጋር መሥራቱን ስላልረሱለት ከሰላምታ አያልፉም።

በ1943 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እማሆይ ወለተሩፋኤል አስጠሩት። ቀሐ ኢየሱስ አጠገብ በአንዲት ጎጆ ብቻቸውን የሚኖሩ መነኩሴ ናቸው። ጀርባቸው ጎብጧል፤ ዳዊታቸውን የሚያስቀምጡበት አትሮኖስ አልመች ብሏቸው ነበር።

«መጽሐፉ ከሩቅ ነው፤ ቀና ስል ወገቤን፣ ዝቅ ስል አንገቴን ያመኛል» አሉት።

«እስቲ ያንብቡ፤ እኔ ልይ» አላቸው።

ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ አያቸው። በማግሥቱም መጣ፤ በሦስተኛውም ቀን። እሳቸው ያነባሉ፣ እሱ ይለካል፤ ሲደክማቸው ጠላ ይቀዱለትና ስለ አገሩ፣ ስለ አባቱ ይጠይቁታል። ለመለካት አንድ ቀን ይበቃው እንደነበር ያውቃል። አራተኛ ቀን የሚያስመጣ ምክንያት አጣ።

አትሮኖሱን ከዋንዛ ሠራው። መጽሐፉ የሚያርፍበት ገበታ እንደ ልብ ወደ ፊት ይሳባል፤ እንደ አንገታቸው ዘንበል ይላል፤ በአንዲት የወይራ ችንካር ይቆማል። እንዲህ የተዋጣለት ሥራ ሠርቶ አያውቅም። የመጨረሻውን ጫፍ ሲያለሰልስ ግን አንድ ነገር ታየው፦ ይህ ዕቃ ከተሰጣቸው በኋላ እማሆይ እሱን የሚጠሩበት ምክንያት የላቸውም።

ችንካሯን አንሥቶ በሞረድ ትንሽ አሳሳት። ለጥቂት ቀን ትይዛለች፤ ከዚያ ትላላለች። ያን ጊዜ ይልኩብኛል ብሎ አሰበ።

ሰጣቸው፤ መረቁት። አንድ ሳምንት ጠበቀ፣ ሁለት ሳምንት ጠበቀ፤ የላከበት የለም። መንገድ ላይ የእግር ኮቴ በሰማ ቁጥር ሥራውን አቁሞ ወደ በሩ ያይ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት መሣሪያውን ይዞ ራሱ ወረደ።

እማሆይ እያነበቡ ነበር። ገበታው እንዳይወድቅ በግራ ክንዳቸው ደግፈውታል፤ በዚያ ላይ ተጣመው ከበፊቱ ይበልጥ ጎብጠዋል።

«ምነው አልላኩብኝም?» አለ።

«ሥራ ያለብህ ሰው ነህ፤ ላስቸግርህ አልፈለግሁም። ይኸው፣ ይዤው አነባለሁ።»

የሻው እግራቸው ሥር ተንበረከከ። «እማሆይ፣ አውቄ ነው ያላላሁት። እንዲጠሩኝ ብዬ ነው።»

እማሆይ ክንዳቸውን ከገበታው ሥር አውጥተው አሹት።

«ዝም ብለህ ብትመጣስ?» አሉት። «በሬን ዘግቼብህ አውቃለሁ?»

የሻው አዲስ ችንካር ጠርቦ አጥብቆ መታ፤ ገበታውን በሁለት እጁ ተጫነው፤ ንቅንቅ አላለም። ሲወጣ «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ና፤ መሣሪያህን ቤትህ ትተህ» አሉት።

እሑድ ወረደ። ደጁ ላይ ሲደርስ ባዶ እጁን የት እንደሚያደርገው ቸገረውና ተመለሰ። በሚቀጥለው እሑድም ከመንገድ ተመለሰ። በሦስተኛው ገባ።

ተቀመጠ። ብዙም አላወሩም። እማሆይ ስለ ሚስቱ ጠየቁት፤ ስሟን ጠራ። ስሟን በአፉ ከጠራው ስንት ዓመት እንደሆነ አላስታወሰም። እሳቸውም ዳዊቱን ከፍተው ማንበብ ጀመሩ፤ እሱም ግድግዳውን ተደግፎ ሰማ። የግዕዙ ትርጉም ባይገባውም እስኪጨርሱ አልተነሣም።

ማታ ዳገቱን ብቻውን ወጣ። ቤቱ ገብቶ ፋኖሱን ለኮሰ፤ ቀዝቃዛ ራቱን በላ፤ እሑድ እስኪደርስ የቀሩትን ቀናት በልቡ ቆጠረ።