በሊሙ ካርታ ላይ ያሉት አሥራ አንድ ቤቶች

ካርታ አይዋሽም እያልኩ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ። አንዳንዴ በኩራት፣ አንዳንዴ በቁጣ። ጅማ ውስጥ በወሰን የተጣላ ሁሉ መጨረሻው እኔ ክፍል ነው፤ አባቱ የነገሩትን፣ ጎረቤቱ የካደውን፣ ደላላው የጨመረበትን ሁሉ ተሸክሞ ይመጣል። እኔም መሳቢያዬን ስቤ ወረቀቱን እዘረጋለታለሁ። «ይኸው፣ ከዚህ ጋር ተጣላ» እለዋለሁ። ሸዋረገጥ ምላሷ መራራ ነው ሲሉኝ ሰምቻለሁ፤ እውነታቸውን ነው።

የካርታ ክፍሉ አንድ መስኮት ያላት ጠባብ ክፍል ናት፤ ውስጧ ግን አገር አለ። ጣሊያን ከተማዋን በማስመሪያ ሊሠራት ያሰበበት ፕላን አለ፤ ግማሹን መንገድ ዛሬም እንሄድበታለን፣ ግማሹ ከወረቀት አልወረደም። አዌቱ ወንዝ ዛሬ ፎቅ በቆመበት በኩል እየተጠማዘዘ የሚታይበት አለ። ሒርማታ ገበያ ዙሪያው ገና ሣር ሆኖ፣ ሰርቦ በአንዲት ነጥብ ተወክላ የምትታይበትም አለ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ቅዳሜ ሁሉንም አውጥቼ ከሰኮሩ እስከ ሊሙ ገነት መሬት ላይ ገጣጠምኳቸው። ጫማዬን አውልቄ መሃላቸው ቆምኩ። እግዚአብሔር ሲያየን እንዲህ ይሆን ብዬ አሰብኩና ዕንባዬ መጣ። ለማንም አልተናገርኩም፤ በመሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይወራም።

ባለፈው ኅዳር ከሊሙ ገነት ሐጂ ቲጃኒ መጡ። ስልሳ አምስት ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ ቀጭን፣ ቃላቸውን መዝነው የሚያወጡ ሰው። አሥራ አራት አባወራ ወክለው ነው የመጡት። ከሊሙ ገነት ወዲያ፣ ጫካ ውስጥ፣ ከትልልቁ ዛፍ ጥላ ሥር አያት ቅድመ አያቶቻቸው የያዙት ቡና አላቸው። መሬት እንደ አዲስ ሲመዘገብ ያ ቦታ በሳተላይት ታየና ደን ብቻ ሆኖ ተገኘ። በንጉሡ ዘመን ሰው ይጠቀምበት እንደነበር ማስረጃ ካልቀረበ ጥብቅ ደን ተብሎ ይከለላል፤ ከዚያ ወዲያ አንዲት ፍሬ መልቀም ወንጀል ነው። ማስረጃ ደግሞ የላቸውም። የዚያን ጊዜ ግብር በባላባቱ ስም ይከፈል ነበር፤ ያንን ዘመን የሚያስታውሱ ሰዎችም አልፈው ሐጂ ብቻ ቀርተዋል። ይህን የሚወስነው የመሬት ምዝገባ ኮሚቴ ሰብሳቢ ኦቦ ዋቅጋሪ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ደረቅ ነው። ወረቀት የሌለው መሬት ላም አለኝ በሰማይ ነው ብሎ የአንድ ሳምንት ቀነ ቀጠሮ ሰጥቷቸዋል።

እኔም በንጉሡ ዘመን የተሣለውን የአካባቢውን ካርታ አወጣሁ። ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ ደን። መሃሉ ላይ ግን፣ ከአንዲት ትንሽ ወንዝ ከፍ ብሎ፣ አሥራ አንድ ጥቃቅን ጥቁር አራት ማዕዘኖች ተሰካክተዋል። በካርታ ቋንቋ ቤት ማለት ነው። የኮምፒዩተር ባለሙያችን ዮኤል በሳተላይቱ ምስል ላይ ቢደርበው ቤቶቹ ከሐጂ ሰዎች ቡና ላይ ዝንፍ ሳይሉ ዐረፉ። በደስታ እጄን አጨበጨብኩ። መንደራችሁ ተገኘ ብዬ ወረቀቱን ፊታቸው ዘረጋሁላቸው።

ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ወንዟን በጣታቸው ተከተሉ።

«እዚህ ቦታ ሰው ኖሮ አያውቅም፣ አዴ ሸዋ» አሉኝ። «ቤታችን ከወንዙ ማዶ ነው። ይሄ የቡናው ቦታ ነው። አንድም ቤት አልነበረበትም።»

ዮኤል ሳቀና፣ ሐጂ ይሄ እኮ ያለቀለት ኬዝ ነው፣ ኖረናል ይበሉ፣ ፋይሉ ይዘጋል አላቸው። እኔም፣ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፣ እሱን ደግፌ ተናገርኩ። ምን ቸገረዎት፣ እርስዎ ባይሉም ካርታው ብሏል አልኩ።

«ኮሚቴው በቁርኣን ነው የሚያስምለኝ» አሉ ሐጂ። «ያልኖርኩበትን ኖርኩ ብዬ ከማልኩ፣ የዚያን ቡና ፍሬ ለልጆቼ ሐላል ነው ብዬ እንዴት አበላለሁ? ማሎ፣ እባክሽ፣ አይሆንም። ወረቀቱ ተሳስቷል።»

ወረቀቱ ተሳስቷል! ደሜ ፈላ። የአሥራ አራት ቤት እንጀራ በእጃቸው ይዘው፣ መዳኛቸውን ካርታዬን ውሸታም ይሉብኛል? ሲወጡ ደህና ይዋሉ እንኳ አላልኳቸውም።

በማግሥቱ ሁሉም ምሳ ሲወጣ እኔ ቀረሁ። ልረዳቸው ብዬ አይደለም፤ መሳሳታቸውን ላሳያቸው ነው። የድሮ የቡና ፕሮጀክት ሲዘጋ ለእኛ ትቶት የሄደ አንድ ሳጥን የአየር ፎቶግራፍ አለ። ካርታው የተሣለው ከእነዚያ ፎቶዎች ነው። አውሮፕላኑ እየበረረ በየጥቂት ሰከንዱ ያነሳል፤ አንዱ ፎቶ የሌላውን ግማሽ ደግሞ ይይዛል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ስቴሪዮስኮፕ በሚሉት ባለ አራት እግር መነጽር ቢያዩዋቸው፣ እያንዳንዱ ዓይን የየራሱን ፎቶ ያይና ምድሩ ይነሳል። ቤት ከሆነ ጣሪያው ብድግ ይላል። ኮምፒዩተር ከመጣ ወዲህ መነጽሩን የነካው ሰው የለም፤ አቧራውን በቀሚሴ ጠረግኩት።

መጀመሪያ ሁለት ግራጫ ወረቀት ብቻ ነበር። ትንሽ አስጠጋሁ፣ ትንሽ አራቅሁ። ከዚያ ጫካው ተነሳ። ጠረጴዛውን ጨብጬ ያዝኩ፤ የምወድቅ መስሎኝ ነበር። ዛፎቹ እንደ ጎመን ማሳ ጭንቅላት ጭንቅላታቸውን አወጡ፤ ወንዟ ወደ ገደሏ ወረደች፤ ሸንተረሩ ወደ ዓይኔ መጣ። ስልሳ ዓመት የሚጠጋው ጠዋት፣ ጥላው ገና ሳይሰበሰብ፣ ከመነጽሩ ሥር ቆሞ ነበር። እስትንፋሴን ያዝኩ፣ የምበትነው ይመስል።

ቤቶቹን ፈለግኩ። አሥራ አንዱም አሉ፤ አንዱም ግን አልተነሳም። ዛፉ ሁሉ ረጅም ጥላ ጥሏል፣ እነሱ የክር ያህል ጥላ የላቸውም። ጥላ የሌለው ጣሪያ ደግሞ በምድር ላይ የለም። ከተመነጠረ ነጣ ያለ መሬት ላይ ልጥፍ ብለው የተኙ ጠቆር ያሉ ነገሮች ናቸው። የፎቶውን ጠርዝ አነበብኩ፤ የፈረንጁን ቀን ወደኛ ብመልሰው ታኅሣሥ 1960 ሆነ።

በታኅሣሥ ሊሙ ውስጥ ፀሐይ ላይ የሚሰጣው ምንድነው? የጅማ ሕፃን ያውቀዋል።

ቡና ነው። በየሰሌኑ የተሰጣ ቀይ ቡና። አዲስ አበባ ተቀምጦ ካርታውን የሣለው ሰው፣ መቼም እንደኔ ወላጆች ሸዌ ነው፣ የሚያውቀው የደጋ መንደር ነው፤ በጠራ መሬት ላይ ጥቁር አራት ማዕዘን ሲያይ ቤት ብሎ ሠራው። በእሱ አልፈርድም። እኔ ግን ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ነው፤ በየዓመቱ በተሰጣ ቡና አጠገብ አልፋለሁ፤ አንድም ቀን ወረቀቱን አልጠረጠርኩም። ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ አፈርኩ።

ለሐጂ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ምን እንዳየሁ በስልክ አልነገርኳቸውም፤ ይምጡ ብቻ አልኩ።

በቀጠሮው ቀን መነጽሩን በካርቶን ይዤ ከኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ሐጂ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ከዳር ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ካርታችን ስሕተት አለበት ብዬ ጀመርኩ፤ ዮኤል ዓይኑን አፈጠጠብኝ። አውሮፕላን እንዴት እየተመላለሰ እንዳነሳ፣ ቤት ቢሆን ምን ይታይ እንደነበር አስረዳሁ። ኦቦ ዋቅጋሪ ከመነጽሩ ላይ አጎነበሰ። የቡና ገበሬ ልጅ ነው፤ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገውም። አይቶ ለሌሎቹ ቦታ ለቀቀ፣ እነሱም ተራ በተራ አዩ። አንዷ የኮሚቴ አባል፣ እታገኝ የምትባል፣ አይታ ስትጨርስ አማተበች።

«ቡና ነው» አለ ዋቅጋሪ። «ጫካው ሰው ይጠቀምበት ነበር፤ ይሄን እቀበላለሁ። ግን የማን ቡና ነው? ሰው አይታይም። የተሰጣ ቡና ደግሞ ማንም ጥሎት አይሄድም፤ ጦጣ አለ፣ ዶሮ አለ። ዘመድ የሌለው ቡና ይመስላል።»

ከዚያ ከፍታ ሰው እንደማይታይ፣ ሰው ከነጥብም እንደሚያንስ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ሐጂ ቀደሙኝ፤ እኔም ልይ አሉ። እስከዚያ ድረስ አላዩም ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ፣ እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አሳርፈው አጎነበሱ።

«ሱብሃነላህ» አሉ በለሆሳስ። «ቂልጡው ቆሟል።»

ቂልጡ የሚሉት ዋርካውን ነው። ከወደቀ ሃያ ዓመት አልፎታል አሉ፤ ጉቶውም አሁን የለም። በመነጽሩ ውስጥ ግን ከማስጫው ራስጌ ከዛፍ ሁሉ በልጦ፣ ክብ ሆኖ ይታያል።

«ሰው አለ፣ ኦቦ ዋቅጋሪ» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ። «እዚህ ነን። ከቂልጡው ሥር ነን። ያ አውሮፕላን በጠዋት መጣ። ሄደ፣ ደግሞ ተመለሰ፣ ሄደ፣ ደግሞ ተመለሰ። እናቴ በልጅነቷ የጣሊያንን አውሮፕላን ያየች ሴት ናት። ቡናውን ተዉት ብላ ጮኸች፤ ሁላችንንም ሰብስባ ከዛፉ ሥር አስገባችን። ሰባት ዓመቴ ነበር። እንዳይሰሙን ብላ አፌን በእጇ ይዛኝ ነበር።»

እኔ እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ። ያንን ዛፍ በምሳ ሰዓት ስንት ጊዜ አይቼው ነበር፣ ትልቅ ዛፍ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ሥሩ ሰው ሞልቶ ነበር። አንዲት እናት ከላይ የሚያያቸውን ዓይን ፈርታ፣ ልጇን አቅፋ፣ ቅጠሉን ሰንጥቆ እንዳያይባት እየጸለየች ቁጭ ብላለች። ያ ዓይንም አላያቸውም። ፈራሁ፣ የምሬን ነው የምለው፣ ቤተ መቅደስ እንደገባ ሰው ፈራሁ።

ዋቅጋሪ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ቃለ ጉባኤውን ገልጦ እስክሪብቶውን ከፈተ።

«ማን ማን ነበራችሁ፣ ሐጂ?»

«እናቴ ከድጃ። ይሄ ከላይ ያለው የእኛ ሰሌን ነው። ቀጥሎ የአባ ጀማለዲን፤ ከሁለት ሚስቶቹ ጋር ከጎናችን ነበር። ቀጥሎ የአባ ፋሂም፤ እሱ ሳል ነበረበት፣ ሴቶቹ ዝም በል ይሉታል።»

«ቀስ ይበሉ፣ እየጻፍኩ ነው።»

ቀስ አሉ። ከላይ ወደ ታች፣ ከሰሌን ወደ ሰሌን፣ እያንዳንዱን በባለቤቱ ስም ጠሩት። አንዳንዱ ጋ ሲደርሱ ስሙን እስከ አያቱ ይናገራሉ። ዋቅጋሪ በመዝገቡ ካሉት ከአሥራ አራቱ አባወራ፣ ከእነዚያ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች፣ ስም ጋር እያስተያየ ይጽፋል፤ አንዱም አልጎደለበትም። የመጨረሻዎቹ ሁለት ጋ ሲደርሱ ሐጂ ከመነጽሩ ቀና አሉ።

«እነዚህ ሁለቱ ከዛፉ ሥር አልነበሩም» አሉ። «ዋሽቼ ነበሩ አልልም። የዚያን ዕለት ሊሙ ገነት ገበያ ሄደው ነበር።»

ዋቅጋሪ እስክሪብቶውን አንስቶ አያቸው።

«ቡናቸውስ?»

ሐጂ እንደገና ወደ መነጽሩ አጎነበሱ።

«ቡናቸው አለ» አሉ። «ይኸው፣ ዳር ላይ። እናቴ ነበረች የምትጠብቅላቸው።»

«እንግዲያው ስማቸውን ይንገሩኝ» አለ ዋቅጋሪ፣ ጻፈም።