ክሊት የራሱን ጥጆች የት ሸጠ?

ቬርና በሐምሌ የቪዲዮ ጨረታውን ወኪል ከደጇ የመለሰችው ለክሊት ብላ ነው። ክሊት የከተማዋ የከብት ጨረታ አዳራሽ ባለቤት፣ የሟቹ ባሏ የሃርላንም ባልንጀራ ነበር። ወኪሉ ጥጆቿን እዚያው መስኩ ላይ ቀርጾ፣ በቴሌቪዥን አሳይቶ፣ ለሩቅ ገዢ በደህና ዋጋ እንደሚሸጥላት ሲነግራት ልቧ ከጅሎ ነበር። የምትኖረው በእነሱ ነው፤ የሚሸጡትም በዓመት አንዴ ብቻ።

ክሊት ግን ወሬውን ሰምቶ ወጥ ቤቷ ድረስ መጣ።

«ቬርና፣ አንቺም ከሄድሽብኝ አዳራሹን መዝጋት ነው እንግዲህ። የሃርላን ጥጆች ከሌሉ የትኛው ገዢ ይመጣል? ሁላችንም እዚሁ እንሽጥ እንጂ!»

«በል በል፣ አታልቅስብኝ» አለችው እየሳቀች። «አመጣቸዋለሁ አልኩህ።»

በሁለተኛው ሳምንት ምሳ ልትበላ ካፌ ገባች። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን የቪዲዮ ጨረታ ያሳያል። ጥቋቁር ጥጆች ሳር ይግጣሉ፤ ከኋላቸው ውሃ የሚስብ የነፋስ መዘውር ይሽከረከራል፤ አንድ ክንፉ የለም። ቬርና ሹካዋን አስቀመጠች። ያንን መዘውር ያቆሙት ሃርላንና ክሊት ናቸው። ክንፉ የወደቀው ሃርላን በሞተበት ክረምት ነው፤ ክሊትም «ለማስታወሻ እንዲህ ይቅር» ብሎ ሳያስጠግነው ቀረ።

«ይሄ የክሊት መስክ አይደለም እንዴ?»

የከብት መኪና የሚነዳው ዱዌን አንገቱን ደፋ።

«ዱዌን፣ አንተን እኮ ነው!»

«ካቻምናም በዚሁ ነው የሸጠው» አለ ዱዌን እያጉረመረመ። «የምታውቂ መስሎኝ።»

አገር ያወቀውን ያላወቀችው እሷ ብቻ ነበረች። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ ሃርላን ቢኖር ክሊት ይደፍራት ነበር? ያን ቀን ተቃጠለች። ወኪሉ ጋ ብትደውል የዘንድሮውን መዝገብ ዘግቷል።

ስለዚህ በጥቅምት ጥጆቿን ጭና አዳራሹ ደረሰች። የቤቱ ልማድ ነው፤ ጨረታው ሳይጀመር ሻጩ ከአጫራቹ ጎን ቆሞ ስለ ከብቶቹ ሁለት ቃል ይናገራል። ክሊት እንደ ሁልጊዜው ፈገግ ብሎ ማይክሮፎኑን ሰጣት።

«ጥጆቼ ተከትበዋል፤ ጡት ከተውም አርባ አምስት ቀናቸው» አለች። «እኔ ነኝ ያሳደግኳቸው። የሚሸጥልኝ ሰው ግን የራሱን እዚህ አይሸጥም። ክሊት፣ እስቲ ለሰዉ ንገር፤ ያንተዎቹ ይህን ደጅ ለምን አልረገጡም?»

ምላሱ ታክታ የማታውቀው ክሊት ቀስ ብሎ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

«ቬርና፣ ሙች ልበልሽ፣ እዚህ ሽጪ ያልኩሽ አዳራሹን ለማቆየት ብዬ ነው።»

«በማን ጥጆች?»

ማይክሮፎኑን እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«በል ሽጣቸው» አለችው። «የሃርላንን ስም ግን እንዳታነሳ።»