የታናሹ ድርሻ

ዋርሲህ የልጇ ፀጉር እንደተጎነጎነ መቅረቱን ያየችው፣ ሪያንቲ ማዋለጃው አልጋ ላይ ወጥታ ማማጥ ከጀመረች በኋላ ነው። በአገሯ ወግ ምጥ በያዛት ሴት ላይ ቋጠሮ አይተውም፤ ጉንጉን ይፈታል፣ ማሰሪያ ይላላል። ይህን እንዴት ትርሳ! «አለቀልን» አለች በሆዷ፤ ጉንጉኑን ትፈታ ጀመር።

«ቡ ዋርሲህ፣ ልጁ በፀጉሯ በኩል እኮ አይደለም የሚመጣው» አለ ጓንት የሚያጠልቀው ወጣት ሐኪም፤ «ቡ» በአገራቸው «እማማ» እንደ ማለት ነው።

«አንተን ስትወልድ እናትህ ሳትፈታ ቀርታለች መሰለኝ። ምላስህ ብቻ ነው ተፍታቶ የወጣው!»

ዶክተር ኒንግሩም ሳቀች። የማህፀንና ጽንስ ትምህርቷን ለመጨረስ አንድ ጥናት ቀርቷታል፤ እትብት ወዲያው ሳይቆረጥ ቢቆይ ሕፃኑን ከደም ማነስ ያድነው እንደሆነ ታያለች። ሪያንቲ ተስማምታ ፈርማለች። ዋርሲህ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። ለእሷ ጥናት ማለት ሙከራ ነው፤ ሙከራ ደግሞ ሲበላሽ «ይቅርታ» የሚሉበት ነገር።

ልጁ መጣ። ወንድ ነው። አለቀሰ፤ ጠራርገው እናቱ ሆድ ላይ አስተኙት። እትብቱ ግን ወፍራም፣ ሰማያዊ፣ እንደ ገመድ የተገመደ ሆኖ እንዳለ ነው። መቀሱን ማንም አልነካውም።

«ቁረጡት እንጂ! ምን ትጠብቃላችሁ? ደሙ ፈስሶ ሊያልቅበት ነው!»

«እማ፣ ተይ በናትሽ» አለች ሪያንቲ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ? የትናንት ልጅ!»

ሪያንቲ ፊቷ ተለወጠ። የእናቷ ፍርሃት ተጋባባት። «ላስቆርጠው እንዴ?»

«በቃ ካልሽኝ አሁኑኑ እቆርጠዋለሁ» አለች ዶክተሯ፣ ዓይኗን ከሕፃኑ ሳትነቅል። «እሱም ከደከመ አልጠብቅም። ቡ፣ እስቲ መጀመሪያ እጅዎን ይስጡኝ።» ጓንት አጠለቀችላትና ጣቷን እትብቱ ላይ አሳረፈችው።

ይመታል።

ዋርሲህ ሦስት ወልዳለች። እንግዴ ልጁ የሕፃኑ ታናሽ ወንድም ነው ሲባል ሰምታ አድጋለች፣ ራሷም ስትል ኖራለች። ሥራ ላይ እያለ ግን አግኝታው አታውቅም፤ ሁልጊዜ መቀሱ ይቀድማል።

«ምን እያደረገ ነው?» አለች በሹክሹክታ።

«የቀረውን ደም እየሰጠው ነው።»

«ታናሽየው?»

«አዎ፣ ታናሽየው» አለች ኒንግሩም፤ እሷም በዚያው ወግ ያደገች ናት። «ምን ያህል እንደሚጠቅመው ገና አላውቅም፣ ቡ። ጥርስ ሲያበቅል ደሙን እናያለን።»

ባለምላሱ ሐኪም እንኳ ጎንበስ ብሎ እትብቱን አየ።

«እማ፣ ምን ልበላት?»

ዋርሲህ ጣቷን አላነሳችም። «ተይው» አለች። «አልጨረሰም።»

ምቱ እየቀጠነ፣ እየራቀ ሄደ። እትብቱ ነጣ፣ ላላ፣ ተልፈሰፈሰ። ማንም በቃህ አላለውም፤ ሰጥቶ ሲጨርስ ራሱ ቆመ። ዋርሲህ ጣቷ ሥር ምንም እንደሌለ እያወቀች ትንሽ ቆየች። ዶክተሯ ሰዓቷን አይታ ቆረጠች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ዋርሲህ ኮሪደር ላይ ምንጣፍ ዘርግታ ታድር ነበር። ዛሬ ግን ሥራ አለባት፤ እንግዴ ልጁን መቅበር የአባትየው ድርሻ ነበር፣ መርከበኛው አማቿ ግን ባሕር ላይ ነው። እንግዴ ልጁን በሸክላ ማሰሮ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። አጠበችው፣ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለችው፣ ከደጃፉ በስተቀኝ ቀበረችው፣ ላዩ ላይ ቅርጫት ደፍታ፣ እንዳይጨልምበት ውስጡ አምፖል አበራችለት።

«አደራህን ተወጥተሃል፣ ልጄ» አለችው።

ከሆስፒታል ስልክ ቢደወልስ የሚል ሐሳብ መጣባት። ቆማ አዳመጠችው፤ እንደ እትብቱ ምት እየቀጠነ ሄዶ ራሱ ቆመ። ከዚያ ገባችና በሩን ቆለፈች።