የጽዮን ጠለፋ

ጽዮን እሑድ ታገባለች፤ የምትለብሰውም እናቷ የተዳሩበትን ቀሚስ ነው። በኪራይ ሊመጣላት የነበረውን ባለጭራ ቬሎ፣ «ከኋላዬ ለሚጎተትማ ሙሽራው ይበቃኛል» ብላ መልሳዋለች። ችግሩ የቀሚሱ ደረት ነው፤ አይጥ በልቶታል። ከአንገቱ የሚወርደው የመስቀልና የሐረግ ጥልፍ ግማሹ የለም።

በከተማቸው በአርብ ገበያ እንዲህ ያለውን የድሮ ጥልፍ በእጅ መርፌ የሚመልስ ይበልጣል ብቻ ነው። ይበልጣል ደግሞ፣ እንደማንኛውም ልብስ ሰፊ፣ ልብሱን በባለቤቱ ስም ይጠራል። ዓርብ ዕለት፣ ገበያው ጢም ብሎ ሳለ፣ ስልኩ ላይ ጮኸ፦

«አሰለፈችን ሰኞ እጠልፋታለሁ! ጽዮንን ግን ዛሬውኑ! አዎ፣ እዚሁ ሱቄ ውስጥ ናት! ቀይ ክር ብቻ ላኩልኝ!»

ክሩን የሰማ የለም። ወሬው ገብስ ተራ ሲደርስ ጠላፊዎቹ ሦስት ነበሩ፤ በግ ተራ ሲደርስ ሞተር ሳይክል ገዙ፤ የጽዮን አጎት ጌታነህ ጆሮ ሲገባ ሽጉጥ ታጥቀዋል።

ጌታነህ ሦስት ዘመድ አስከትሎ፣ ዱላውን ወድሮ የሱቁን በር በረገደው። «የታለች ልጃችን?!»

«ይቻትና!» አለ ይበልጣል፣ ቀሚሱን ከነመወጠሪያው ከፍ አድርጎ። «ገና ደረቷ ላይ ነኝ!»

ዱላው ወረደ። ቀሚሱ ተረፈ፤ ጨርቁን የወጠረው የእንጨት ቀለበት ግን ስንጥር ሆነ። ይኼኔ ጽዮን ራሷ ቀዩን ክር ይዛ ከች አለች።

«አያ ጌታነህ! ምን አደረጉ? ጨርቁ ካልተወጠረ ጥልፉ ይጨማደዳል! እሑድ ምን ለብሼ ልዳር ነው?»

ጌታነህ ቀሚሱን አየ። የእህቱ ነው። ዱላውን ጥግ አስደግፎ የጨርቁን ጫፍ ያዘ። «እናንተስ ምን ትገተራላችሁ? ያዙ እንጂ!»

አራቱ ዘማቾች ጨርቁን ባራት በኩል ወጠሩት። ይበልጣል ክሩን በክር እየቆለፈ ሐረጉን እንደ ሰንሰለት ያስኬደው ጀመር፤ በር ላይ የተኮለኮለው ገበያተኛ ቅጠል ባለቀ ቁጥር ያጨበጭባል።

«አያ ጌታነህ፣ በእርስዎ በኩል ላላ!» አለ ይበልጣል።

«እኔ አልላላሁም! ይሁኔ ነው!»

«እኔ?» አለ የወንድሙ ልጅ ይሁኔ። «አንቱ እኮ ከዱላ በቀር ነገር ይዘው አያውቁም!»

ጌታነህ ሳቁ አመለጠው። ጨርቁ ተንዘፈዘፈ፤ መሃል ደረት ላይ የምትቀመጠው አበባ ተንጋዳ ወጣች።

ይበልጣል ደንግጦ መቀስ አነሳ። «ልፍታት።»

«እንዳይነኩብኝ፣ ጋሼ!» ጽዮን ቀሚሱን ከስምንት እጅ ነጥቃ ከሹራቧ በላይ አጠለቀችውና ገበያው መሃል ሮጠች። አበባዋን ላገኘችው ሁሉ እያሳየች ትጮሃለች፦

«እዩልኝ! ይቺ የአያ ጌታነህ ሳቅ ናት!»